በኮምቦልቻ ያስቀየርኩት የአይሱዙ ዲናሞና ቺንጊያ

የቆየው አይሱዙ ኤንፒአር መኪናዬ ተጨማሪ ፓውዛዎች ካስገጠምኩለት በኋላ ሌሊት የሐረጎን ዳገት ሲወጣ መብራቱ እየደከመ፣ ባትሪዎቹም ቶሎ ቶሎ እየወደቁ ስላስቸገሩኝ፣ ባለፈው ወር ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ባትሪ የሚሞላውን የ40 አምፔር ዲናሞ በ60 አምፔር አስቀየርኩ።

ከሁሉ በላይ ያረካኝ የባለሙያው ጥንቃቄ ነው። የዚህ መኪና ዲናሞ ከኋላው ከፍሬኑ ሰርቮ (ፔዳሉን ለመርገጥ ከሚያግዘው ክፍል) አየር ስቦ የሚያወጣ የቫኪዩም ፓምፕ ተሸክሟል፤ ስለዚህ ዋጋው ረከሰ ተብሎ ፓምፕ የሌለው ዲናሞ ቢገጠም ባትሪው በደንብ ይሞላል፣ ነገር ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያን ሁሉ ቁልቁለት ጭነት ይዞ ሲወረድ የፍሬኑ ፔዳል ይደነድናል። ባለሙያው ይህን ሳልጠይቃቸው አስረዱኝ፤ ወደ ፓምፑ የሚገባውንና ከፓምፑ የሚመለሰውን የዘይት ቱቦም በአዲስ ተኩልኝ። ከዲናሞው ወደ ባትሪ የሚሄደውም ገመድ ወፍራም ሆኗል፤ በቀድሞው ቀጭን ገመድ ቢተው ኖሮ የተጨመረው ኃይል ከፊሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክን ነበር። አሁን መብራቱ ሁሉ በርቶ ሲለካ 28 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ለባለ 24 ቮልት መኪና ተገቢው መጠን ነው።

ቅሬታዬ በቺንጊያው፣ ማለትም ዲናሞውን በሞተሩ ኃይል በሚያዞረው ቀበቶ ላይ ነው። ጎን ለጎን የሚሠሩት ሁለቱ ቺንጊያዎች አብረው መቀየር ሲገባቸው አንዱን ብቻ ቀየሩ፤ አዲሱም ጭነቱን ለብቻው ተሸክሞ በሦስተኛው ቀን መጮኽ ጀመረ። ስመለስ ሁለቱንም ያለ ተጨማሪ የእጅ ዋጋ ቀየሩልኝ። አዲስ ቺንጊያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚላላ እንደገና መወጠር እንዳለበት ግን መኪናውን ሲያስረክቡኝ ሊነግሩኝ ይገባ ነበር።