ቤታችንን ለሸጠችልን ኤጀንት ምስጋና፣ ቤት ልትሸጡ ያሰባችሁም አንብቡት

ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ? ይሄን ልጽፍ ሳስብ ሁለት ሳምንት አለፈኝ፣ እቃ ስናወጣ ስናስገባ ጊዜ አጥቼ ነው እንጂ ቁልፉን ያስረከብን ቀን ነበር መጻፍ የነበረብኝ። ቤታችን ተሸጠ፣ ተመስገን። የሸጠችልንን ልጅ ግን "ጎበዝ ኤጀንት ናት" ብዬ ብቻ ባልፋት ደስ አይለኝም፣ ምን ምን እንደሰራች በዝርዝር ልንገራችሁ። ገበያው ቀዝቅዞ ቤታቸው አልሸጥ ብሏቸው የተጨነቁ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ እኛም እንደዛው ነበርን።

ከሷ በፊት ሌላ ኤጀንት ነበረን፣ ማን እንደሆነ አላነሳም። ቤቱ ሊስቲንግ ላይ (የሚሸጡ ቤቶች የሚወጡበት ዝርዝር ላይ) ሦስት ወር ተቀመጠ፣ ሁለቴ ኦፕን ሃውስ (የፈለገ ሁሉ ገብቶ ቤቱን የሚያይበት ቀን) ተደረገ፣ ሰው ደግሞ መጥቶ ነበር እኮ፣ ያውም መኪና ማቆሚያ እስኪጠፋ! እኔና ባለቤቴ በቃ ተሸጠ ብለን ማታ እንቅልፍ አልወሰደንም። ሰኞ ስልክ የለም ማክሰኞ የለም ረቡዕም የለም። ያ ሁሉ ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፣ ስሙን የጻፈ የለ፣ ተደውሎለት እንዴት አያችሁት የተባለ የለ። ለካ ግማሹ ጎረቤት ነው፣ ግማሹ በዛ ሲያልፍ ምልክቱን አይቶ ገባ ብሎ የወጣ ነው። የቤት ብድር ወለድ ከፍ ሲል ደግሞ ገዢው ወርሃዊ ክፍያውን አስልቶ ነው የሚሸሸው፣ ቤቱ በቆየ ቁጥር "ምን ችግር ቢኖርበት ነው?" መባል ይመጣል፣ ከዛ በኋላ የሚደውለው ሁሉ ዋጋ ሊሰብር ነው የሚደውለው።

ይቺን ልጅ ያገኘናት በወዳጅ በኩል ነው። መጀመሪያ የመጣች ቀን ወረቀት ፈርሙልኝ አላለችም፣ ማስታወሻዋን ይዛ ክፍል በክፍል ዞረች፣ ከዛ ወጥታ መንገዱን ተሻግራ ቆማ ቤቱን ዝም ብላ አየችው፣ እኔ በመስኮት እያየኋት ምን ሆና ነው እያልኩ። ተመልሳ ገብታ "ጋሼ፣ ኦፕን ሃውሱ ላይ ስንት ሰው ቢመጣ ደስ ይላችኋል?" ብላ ባለቤቴን ጠየቀችው። የቻለው ሁሉ ይምጣ አላት። "እኔ አምስት ይበቃኛል፣ መግዛት የሚችሉ አምስት" አለች። ከዛ በኋላ የሰራችው ሁሉ ለነዛ አምስት ሰዎች ነበር።

ዋጋ ላይ ተጨቃጭቀናል፣ አልዋሻችሁም። እኛ ለድርድር እንዲሆነን ብለን ከአንድ ክብ ቁጥር (በዜሮዎች ከሚያልቅ) ትንሽ ከፍ አድርገን ነበር ያወጣነው። እሷ ስልኳን አውጥታ አሳየችን፣ ሰው ቤት ሲፈልግ ከዚህ እስከዚህ ብሎ ክብ ቁጥር ነው የሚመርጠው፣ ጣሪያው ያ ቁጥር የሆነ ሰው የኛን ቤት ጭራሽ አያየውም፣ ከዛ በላይ መክፈል የሚችለው ደግሞ ከኛ የሚሰፉ ቤቶች ስለሚመጡለት የኛን ዘሎ ያልፋል። ቁጥሩ ላይ ልክ ስናሳርፈው ግን ከታች ሆኖ ለሚፈልገውም ከላይ ለሚጀምረውም ይታያል። ሦስት ወር ሙሉ ሊገዙን ከሚችሉት ሰዎች ተደብቀን ነበር የተቀመጥነው ማለት ነው፣ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል። ሌላው ደግሞ ሰው ቤቱን ስንት ብሎ እንዳወጣው አትዩ፣ በቅርብ ወራት በስንት እንደተሸጠ እዩ አለችን፣ የወጣ ዋጋ ምኞት ነው፣ የተሸጠው ነው ገበያው።

ቤቱን ያዘጋጀችው ብዙ ወጪ ሳታስወጣን ነው። የቤተሰብ ፎቶ አስነሳችን (የልጆቼን ፎቶ ከኮሪደሩ ሳወርድ ከፍቶኝ ነበር፣ ግን ገባኝ፣ ገዢው የራሱን ልጆች እዛ ማሰብ አለበት)፣ ግማሹን እቃ ወደ ዘመድ ጋራዥ አስወሰደችን፣ መድሃኒት ወርቅ ዶክመንት ሁሉ ተቆልፎ ይቀመጥ አለች። የሳሎኑ አምፖል አንዱ ነጭ አንዱ ቢጫ ነበር፣ ስንት ዓመት ስንኖርበት አላየነውም፣ ሁሉንም 3000 ኬልቪን በሚለው ሞቅ ባለ ብርሃን አስቀየረችው። የምታውቁት የሽታ ነገር ደግሞ አለ፣ እኔ ሽቶ ልረጭ ስል "እትዬ ተይው፣ ሽቶ ሲበዛ ሰው ምን ሊደብቁ ነው ይላል" ብላ ከጠዋት ጀምሮ መስኮት አስከፈተችኝ። ፎቶውም ድጋሚ ተነሳ፣ የድሮው ፎቶ ክፍሎቹን ከመጠን በላይ የሚያሰፋ ነበር፣ እንዲህ ሲሆን ሰው መጥቶ ሲያየው ያነሰበት መስሎት ቅር ብሎት ይወጣል።

እኔን በጣም ያስፈራኝ ግን አንድ ነገር ነው። ኢንስፔክሽን (ባለሙያ ቤቱን ፈትሾ ጉድለቱን የሚጽፍበት) ቀድመን በራሳችን እናሰራና ሪፖርቱን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠው አለች። እንዴት ጉድለታችንን ራሳችን እናሳያለን አልኳት። የጣሪያው ዕድሜ፣ ምድር ቤት አንዴ ውሃ ገብቶ የተጠገነበት ደረሰኝ፣ የማሞቂያው ሰርቪስ፣ የመብራትና የውሃ ወጪ፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከሪፖርቱ ጋር ተቀመጠ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ገዢ ብዙ ምርጫ ስላለው ትንሽ ነገር ሲያገኝ ጥሎ ይሄዳል፣ ኦፈር ካቀረበ (ይህን ያህል ከፍዬ እገዛለሁ ካለ) በኋላ ደንግጦ ከሚሄድ ከፊቱ አይቶት ቢወስን ይሻላል ነው ያለችው። እውነቷን ነው።

ሰው የጠራችበት መንገድም የተለየ ነው። ኢንተርኔት ላይ ለጥፋ አልተቀመጠችም፣ በዛ ዋጋ ገዢ ይዘው የሚዞሩ ኤጀንቶችን አንድ በአንድ ደውላ ጋበዘች፣ ጎረቤቶችን ደግሞ ከሌላው ሰው አንድ ሰዓት ቀደም አድርጋ ለብቻ ጠራቻቸው፣ ጎረቤት እህቱን ወይ ጓደኛውን አጠገቡ ማምጣት ይወዳል ብላ። ሰዓቱንም ፀሐይ ሳሎናችን የሚገባበትን ጠይቃ ከሰዓት በኋላ ለ2 ሰዓት ብቻ አደረገችው። እኛን ከቤት አስወጣችን፣ የቤቱ ባለቤት ካለ ሰው ቁም ሳጥን አይከፍትም፣ የመሰለውንም አይናገርም።

በር ላይ ስም ታስጽፍና እየሳቀች ሦስት ነገር ትጠይቃለች፣ ባንክ አናግራችኋል ወይ፣ መቼ ለመግባት ነው ያሰባችሁት፣ መጀመሪያ የምትሸጡት ቤት አለ ወይ። ባንክ አናግራችኋል ወይ ስትል ፕሪ አፕሩቫል አላችሁ ወይ ማለቷ ነው፣ ፕሪ አፕሩቫል ማለት ባንኩ ገቢህንና ክሬዲትህን በሰነድ አይቶ ይህን ያህል አበድርሃለሁ ያለው ነው፣ በቃል ተጠይቆ የሚሰጠው ግምት ግን ብዙ አያስተማምንም፣ ልዩነቱን እኔም ያወቅኩት ከሷ ነው። ባንክ ያላናገረውንም አላባረረችም፣ ከማን ጋር መጀመር እንዳለበት ነግራ ነው የሸኘችው።

የመጣው 9 ቤተሰብ ነው፣ ከበፊቱ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት ነው። ከነሱ ውስጥ 4ቱ የባንክ ደብዳቤ ነበራቸው። በዛው ማታ ለሁሉም ደወለች፣ "ወደዳችሁት?" ብላ አይደለም የጠየቀችው፣ "እንዳትገዙት የሚያደርጋችሁ ነገር ምንድነው?" ብላ ነው። ሁለቱ ስለ ኋለኛው ክፍል ጨለማነት አነሱ፣ በማግስቱ ከባዱን መጋረጃ አስወረደችን።

ረቡዕ ማታ አንድ ባልና ሚስት ለብቻቸው ድጋሚ ሊያዩ መጡ፣ እኔ የረሳሁትን መነጽር ልወስድ ተመልሼ በር ላይ አገኘኋቸው። ሴትየዋ ሜትር ይዛ የኋለኛውን ክፍል ግድግዳ እየለካች ነው፣ ባልየው ወጥ ቤት ሲንኩ ስር ተንበርክኮ የእጅ ባትሪ አብርቶ ቧንቧውን ያያል። ኤጀንታችን ጥግ ላይ ቆማ ዝም ብላለች። አንድ ቃል አላለችም። መነጽሬን ይዤ ቀስ ብዬ ወጣሁ፣ ልቤ ግን ይመታ ነበር።

ሁለት ኦፈር መጣ። ከፍ ያለውን እንውሰድ ብለን ነበር፣ እሷ ግን ያ ሰው መጀመሪያ የራሱን ቤት መሸጥ እንዳለበት፣ ያ ደግሞ በዚህ ገበያ ስንት ወር እንደሚፈጅ አስረዳችንና ለነዛ ባልና ሚስት ሰጠን። የገዢዎቹ ኢንስፔክሽን ላይ አንድም አዲስ ነገር አልተገኘም፣ ክሎዚንጉ (የመጨረሻው ፊርማና ርክክብ) በተባለው ቀን አለቀ።

እውነቱን ለመናገር ፊት ለፊት ተናጋሪ ናት፣ ቤታችሁን አትክበውም፣ ማታ ከመሸ ደግሞ ሜሴጅ አትመልስም፣ ጠዋት ነው የምትደውለው። የምትደልላችሁ ከፈለጋችሁ ትከብዳችኋለች። የምትሰራላችሁ ከፈለጋችሁ ግን እኔ እመሰክርላታለሁ፣ ፈቃዷን ስለጠየቅኩ ስልኳን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ለሁሉም እልካለሁ።

ልጄ፣ ይሄን ካየሽው እኔም ጋሼሽም እናመሰግናለን፣ ክበሪልን። አዲሱ ቤት ስንደላደል መጀመሪያ የምንጠራው አንቺን ነው።