ለምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል፦ ስለ አባቴ ዓይን እግዜር ይስጥልን

አባቴ በአንድ ዓይናቸው ላይ ግላኮማም (ብዙ ጊዜ የዓይን ውስጥ ግፊት ከፍ ብሎ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ) የዓይን ሞራም ነበረባቸው። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ የዓይናቸውን ግፊት እንኳ ሳይለኩ «ሞራ ብቻ ነው፣ ይወጣል፣ ይበራል» ብለውን ነበር። ምኒልክ ግን የታዘዘላቸውን ሦስት ዓይነት ጠብታ እየጨመሩም ግፊቱ ሲለካ 28 ሆኖ ተገኘ። ጤነኛው ከ10 እስከ 21 ነው።

ዶክተሯ ወረቀት ላይ ዓይን ሥለው፣ ወረፋው እንደዚያ በዝቶባቸው፣ ሳይቸኩሉ አስረዱን። ሞራውን ብቻ ማውጣት ግፊቱንም ጥቂት ዝቅ ያደርጋል፤ በጠብታ ለሚረጋ ሰው ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። የግላኮማው ዓይነት የዓይን ውስጥ ፈሳሽ መውጫው የሚጠብበት ከሆነ ደግሞ ሌንሱ ሲወጣ መውጫው ስለሚሰፋ ለውጡ የጎላ ነው። የአባቴ ግን እንዲያ አይደለም። መጀመሪያ ግላኮማውን ሠርቶ፣ ማለትም ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ከፍቶ፣ ሞራውን በኋላ ማውጣት ግፊትን በደንብ ያወርዳል፤ ሆኖም ሁለት ጊዜ ቀዶ ክፍል መግባት አለ፣ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ሞራውን ያፋጥነዋል፣ ሞራው ሲወጣ ደግሞ የተከፈተው አዲስ መውጫ ተመልሶ ሊደፈን ይችላል። ሁለቱን ባንዴ መሥራት አንድ ማደንዘዣና አንድ ማገገሚያ ነው፤ ግፊቱን ግን ግላኮማው ለብቻው ሲሠራ ያህል ላያወርደው ይችላል። ሞራው ሲወጣ አብራ የምትገባ፣ ፈሳሹን የምታስወጣ ትንሽዬ ቱቦ መኖሯንም ነገሩን፤ ለቀላል ግላኮማ እንጂ እንደ አባቴ ለገፋው እንደማትበቃ ጨምረው።

አባቴ ከደብረ ብርሃን የሚመላለሱ ስለሆነ ባንዴ እንዲሠራ ተስማማን። ከመፈረማችን በፊት ዶክተሯ «አባቴ፣ ሞራው የጋረደውን እንገልጥልዎታለን፤ ግላኮማው የወሰደውን ግን ማንም አይመልሰውም» አሏቸው። ለዚህ እውነት ከሁሉ በላይ አመሰግናለሁ፤ ያልተነገረውን ተስፋ አድርጎ የሚያዝን ሰው ብዙ አይቻለሁና።

ዛሬ ግፊታቸው 14 ነው፤ የልጅ ልጆቻቸውን ፊት ይለያሉ። ሲስተሮቹም የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ ጠብታ መጨመርን፣ ከዚያም ዓይን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በጣት መያዝን ለእናቴ እጇን ይዘው አስተማሯት። ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመ ወይም ብዥ ካለ ዓመታት አልፈውም ቢሆን ሳይውል ሳያድር መምጣት እንዳለብን አስጠነቀቁን።

ግላኮማ በዘር ስለሚሄድ እኛንም ልጆቹን መርምረውናል፤ ታላቅ ወንድሜ ላይ ገና ሳይጎዳው ተገኝቶ ጠብታ ጀምሯል። ሞራ አለባችሁ የተባሉ ወላጆች ያሏችሁ፣ ቀዶ ሕክምናውን ከመቀበላችሁ በፊት ግፊቱ እንዲለካና የዓይን ነርቩ እንዲታይ ጠይቁ፤ ግላኮማ ከተገኘ እነዚህ ሰዎች ጋ ውሰዷቸው።