ቫኖቻችን ላይ ፓርቲሽን ለገጠመልን ባለሙያ ትልቅ ምስጋና

ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን፣ እግረ መንገዴንም ለመጠቆም ነው። ሰውየው የሥራ ቫኖች ላይ ፓርቲሽን ይገጥማል፤ ጋቢናውን ከዕቃው የሚለየውን ግድግዳ ማለቴ ነው። ስሙን እዚህ አልጠራም፤ ስልኩ እንዳይጨናነቅበት በውስጥ ለሚጠይቀኝ ብቻ እሰጣለሁ።

እኛ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ጥገና ነው የምንሠራው። የቫኖቻችን ሆድ ፓምፕ፣ የመበየጃ ማሽን፣ የብሎን ሳጥን፣ ቱቦና መሰላል ነው። «ፓርቲሽን ይግባ ወይስ ይቅር» የሚለው ነገር ቢሮ ውስጥ ሲያጨቃጭቀን ከርሟል። አንዱ «ዕቃው ይታሰራል እኮ፣ ምን አስጨነቀን» ይላል። ሌላው ስለ ወጪው ያነሳል። ሹፌሮቹ ደግሞ መቀመጫቸው እንዳይጠብ ይፈራሉ። ሁሉም የየራሱ እውነት ነበረው።

ይህ ባለሙያ ሲመጣ ዋጋ አልተናገረም። የኋላውን በር ከፍቶ «በጣም ከባዱ ዕቃ የቱ ነው? በጣም ረጅሙስ?» አለ። የመሣሪያ ሳጥኑን ራሱ አንስቶ መዘነውና «ይሄ 20 ኪሎ አያጣም» አለ። ከዚያ እንዲህ አስረዳኝ፦ «እህቴ፣ መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ አንድ ነገር ገጭቶ ቢቆም ሳጥኑ አብሮ አይቆምም። በዚያው ፍጥነት ወደ ሹፌሩ ጀርባ ይሄዳል። ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ሰው ላይ ከመልቀቅ አይለይም።» ቤት ገብቼ አሰላሁት፣ ልክ ነው። ፍጥነቱ 100 ሲሆን ደግሞ ከፍታው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፣ 40 ሜትር አካባቢ።

ማሰሪያውን በተመለከተ የሰጠው መልስ ነው እኔን ያሳመነኝ። የሥራ ቫን አንዴ ታስሮ አገር አቋርጦ የሚሄድ ጭነት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ይከፈታል፣ ይወጣል፣ ይገባል። ጠዋት በደንብ የታሰረው ሳጥን ከሰዓት በኋላ ሰው ሲደክመው እንዲሁ ይወረወራል። ግድግዳው ግን ሰው ቢደክመውም ቦታው ላይ ነው። እንደዚያም ሆኖ ማሰሩ ይቅር አላለም። ፓርቲሽን ከጎን ለሚመጣ ግጭትም ሆነ ለመገልበጥ ብዙም አያድንም። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ ተጠግቶ መጫን አለበት። በመሃል ክፍተት ካለ ዕቃው ግድግዳውን የሚያገኘው በኃይል ተወርውሮ ነው።

አሁን በጣም ወደወደድኩለት ነገር ልምጣ። አንዷ ቫናችን ሁለተኛ ረድፍ መቀመጫ አላት፣ ሠራተኞች ይቀመጡበታል። እኔ ልክ እንደሌሎቹ ከሹፌሩ ጀርባ ይገጠም ብዬ ነበር። እምቢ አለኝ። «የኋላዎቹን ልጆች ከዕቃው ጋር ልቆልፍባቸው ነው? ግድግዳው ከእነሱ ጀርባ ነው የሚገባው» አለ። የያዘው ስለማይሆንላት ሌላ እስኪያገኝ እንድንጠብቅ ነገረን። የያዘውን ገጥሞ ገንዘቡን ተቀብሎ መሄድ ይችል ነበር።

ራሱ በያጅ ነው፣ ላሜራ ቆርጦ ፓርቲሽን መሥራት አያቅተውም። ግን ለመኪናው ሞዴል ተብሎ የተሠራና የተፈተነ ካለ ያንን ነው የሚያስቀድመው። ካታሎግ ሲያገላብጥ አይኤስኦ 27956 የሚለውን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው፤ ለዕቃ ማጓጓዣ ቫኖች ማሰሪያ ቀለበትና ፓርቲሽን እንዴት እንደሚፈተኑ ይደነግጋል።

አንጋፋው ሹፌራችን ግን በቀላሉ አልተረታም። «እና ወደ ኋላ ስሄድ በስፖኪዮ ብቻ ልመን ልጄ?» አለው። «አባቴ፣ ዕቃው እስከ ጣሪያ ሲሞላ ድሮስ ምን ይታይዎት ነበር?» ብሎ አሳቀው። ለእሱ መስኮት ያለውን መረጠለት፣ የኋላ ካሜራም እንዲገባ መከረን። መረብ የሆነውን እኔ ጠይቄ ነበር። ቀለል ይላል፣ ያሳያል፣ ነገር ግን ቀጭን ብረት ወይም ጠመንጃ መፍቻ በቀዳዳው ያልፋል፣ አቧራና ሽታም አያግድም። ድፍኑ ጋቢናውን ጸጥ ያደርጋል፣ ሙቀቱም ቅዝቃዜውም እዚያው ይቆያል። ረጅም ቱቦ ለሚጭነው ቫን ደግሞ ከረዳቱ መቀመጫ ሥር ክዳን ያለው ዓይነት አገኘልን። ጋዝ ሲሊንደር የሚጭን ካለ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ድፍን ግድግዳ ጋዙ ወደ ሹፌሩ እንዳይመጣ ይረዳል እንጂ ከኋላ አየር መውጫ ከሌለ እዚያው ይጠራቀማል።

ሥራው ላይ ደግሞ ቆሜ ነው ያየሁት። ወለሉን ከመብሳቱ በፊት ባትሪ ይዞ መኪናው ሥር ገባ። የነዳጅና የፍሬን መስመሩን፣ ሽቦውን በእጁ እየተከተለ የት የት እንደሚያልፍ በጠመኔ ላይኛው ወለል ላይ ሣለው። የድሪሉ ጫፍ ላይ ቁራጭ የጎማ ቱቦ ሰካበት፣ ከሚፈለገው በላይ ጠልቆ እንዳይገባ። በበሳው ቀዳዳ ሁሉ ዙሪያ ጸረ ዝገት ቀለም ቀባ፣ ብሎኑን ከሥር በሰፊ ሮንዴላ ደገፈው። የወንበር ቀበቶ የታሰረበትን ምሰሶ አልነካም፣ ከላይ ኤር ባግ የሚወርድበትንም እንዲሁ። በመጨረሻ ረጅሙን ሹፌራችንን ጠርቶ አስቀመጠውና ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግፋ አለው። ጉልበቱ ከመሪው ጋር ሲጋጭ አይቶ ግድግዳውን ፈትቶ ወደ ኋላ አስጠግቶ እንደገና ገጠመው። ማንም አላዘዘውም።

ችግር የለም አልልም። ወንበሩ እንደ ድሮው ለጥ ብሎ አይተኛም፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሸለብ ማድረግ የለመዱት ቅር ብሏቸዋል። ግድግዳው ራሱ ክብደት አለው፣ ቫኑ ከሚጭነው ኪሎ ላይ ይቀነሳል። ሰውየውም ቢሆን ስልክ አያነሳም! ሥራ ላይ ሲሆን ስልኩ የት እንደሚገባ እንጃ። መልእክት ጻፉለት፣ ማታ ይመልሳል። ከገጠመ በኋላ ብሎኖቹን ዳግም ለማጥበቅ ራሱ ደውሎ የሚጠራችሁ ግን እሱ ነው።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ሹፌሮቻችንም አመስግኚልን ብለዋል፣ ምሳ ሰዓት ላይ የሚያሸልቡትም ጭምር።

ወደ እሱ የምትሄዱ ቫኑን አጥባችሁና አራግፋችሁ እንዳትሄዱ። እንደ ሥራ ቀን ጭናችሁ ሂዱ። ባዶ ይዞ የሄደ አንድ ወዳጄን «ጭነህ ተመለስ» ብሎ መልሶታል።