ኮምባይነር፣ መውቂያ ማሽን ወይስ ደቦ? ለአንድ ሄክታር የቱ ያዋጣል

ይሄን የምጽፈው አንድ ሄክታርና ከዛ በታች ለምታርሱ ነው፣ ሰፊ መሬት ያለው ሰውማ ኮምባይነር ጠርቶ ይገላገላል።

ዘራችሁ ስንዴ ከሆነና ማሳው ሜዳ ከሆነ ኮምባይነር የሚያክል የለም። አርሲና ባሌ ከድሮ የለመዱት ነው፣ ክፍያው በኩንታል፣ አጨዳውም ውቂያውም ባንዴ ያልቃል። ችግሩ ለትንሽ ማሳ ብሎ ማንም አይመጣላችሁም፣ ከጎረቤት ጋር ኩታ ገጠም ዘርታችሁ ባንድ ላይ ካልጠራችሁት ደላላው ነገ ነገ ሲላችሁ ስንዴው ቆሞ ይረግፋል። ከሌላ ሰው ማሳ የመጣ ከሆነም የአረም ዘር ይዞ ይገባል፣ መጀመሪያ ውስጡን ጥረጉልኝ በሉ፣ አትፈሩ። ጭዱንም በየማሳው በትኖት ነው የሚሄደው።

ደቦ ገንዘብ አያስወጣም ይባላል፣ እኔ በዚህ አልስማማም። እናቴ ለደቦ ጠላ ስትጠምቅ፣ እህል ስታስፈጭ፣ እንጀራ ስትጋግር ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም፣ ያንን ድካም ከወጪ የቆጠረ ሰው አላየሁም። ወንፈል ደግሞ ብድር ነው፣ አንድ ቀን ለሰራልህ አንድ ቀን ትመልሳለህ፣ የራስህ ጤፍ ደርሶ እያለ የሰው ማሳ ላይ ትውላለህ። ወጣቱም ከተማና አረብ አገር ሄዷል፣ የቀን ሰራተኛ እንቅጠር ብትሉ የሁሉም ሰው እህል እኩል ስለሚደርስ ዋጋው ያኔ ነው የሚሰቀለው።

ለጤፍ የኔ ምርጫ መውቂያ ማሽን ነው፣ ያውም አራት አምስት ሆናችሁ ገዝታችሁ፣ ለብቻ ግን አያዋጣም፣ አመቱን ሙሉ ቆሞ ለጥቂት ቀን ነው የሚሰራው። አጨዳው በማጭድ ይሁን፣ በደቦም ቢሆን አንድ ቀን ነው፣ ከዛ ማሽኑ ክምሩ ድረስ ይመጣል። በበሬ ሲወቃ የሚቀላቀለው አፈርና እበት የለም፣ ጭዱም አንድ ቦታ ስለሚቀር ለከብትም ለጭቃ ቤትም ይሆናል። የራሳችሁን ስትጨርሱ ለሌላው ማከራየት ትችላላችሁ።

ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። እኛ የገዛነው በሶስተኛው ቀን ቺንጋው፣ ማለት ከሞተሩ ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጠሰ፣ ሻጩ መለዋወጫ የለኝም አለን፣ ልኩን ፍለጋ መርካቶ ስንንከራተት አስራ አንድ ቀን ቆመ፣ ክምሩም ዝናብ መታው፣ አሁንም ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ ትርፍ ቺንጋ አብሮ ካልተሰጣችሁ አትፈርሙ፣ የጤፍና የስንዴ ወንፊቱ ለየብቻ መሆኑንም እዩ። መንግስት በ2011 ዓ.ም ብዙ የእርሻ ማሽን ከቀረጥ ነጻ ስላደረገ ሻጩ የቀረጥ ብሎ ዋጋ ከጨመረባችሁ ወረቀቱን ጠይቁት። ስራ ስትጀምሩም ጋቢ የለበሰ ሰው ነዶ እንዳያጎርስ፣ ጫፉን ከያዘው እጁን ይዞት ነው የሚገባው።

ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ነዶ ይዛችሁ ሂዱና ማሽኑን አስነሱት፣ የወጣውን ገለባ በእጃችሁ ዝገኑና በትናችሁ እዩት፣ ጤፍ ካለበት ወይ ያስተካክልላችሁ ወይ ትታችሁት ውጡ።