ካዝና፣ የቆርቆሮ ሳጥን ወይስ ጎሚኒ ያለው ፕላስቲክ? ለድሬዳዋ ቴምብር፣ ጠገራና ካሴት ሰብሳቢዎች

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ ከ250 በላይ ሰው አልቋል። ውሃው የሚመጣው በስተደቡብ ካሉት ተራሮች ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብ ሳይልም ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ቤት ለቤት ተያይዞ የሚሄድ እሳትም ቢሆን ጊዜ አይሰጥም። ነፍስ ትቅደም፤ ይህ የማስቀመጫዎች ንጽጽር ልጆችና አቅመ ደካሞች ከወጡ በኋላ ምናልባት ለምትተርፈው አንዲት ደቂቃ የሚሆን ነው።

ብዙ ሰው ገበያ ወጥቶ የሚጠይቀው «ጠንካራው የቱ ነው?» ብሎ ነው። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ይዘን የምንወጣውንና ትተነው የምንወጣውን እንድንለይ ነው። ማስቀመጫው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ውዱን ሁሉ ይዞ ለመውጣት መሞከር ደግሞ ትልቁ ስህተት ነው።

ጠገራ ብርን እንውሰድ። የማርያ ትሬዛ ጠገራ አንዱ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን መቶው ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ብር የሚቀልጠው እጅግ ከፍ ባለ ሙቀት ነው፤ ውሃም አያበላሸውም። በዚያ ላይ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ለረጅም ዘመን ሲመታ ስለኖረ ቢጠፋ እንኳ ሌላ ይገኛል። ጠላቱ ጠራርጎ የሚወስድ ጎርፍና ሌባ ነው። ስለዚህ ጠገራ ቤት ይቅር፤ ለእሱ የሚገዛው ካዝና ነው፣ ያውም በቡሎን የታሰረ። ሳይታሰር የተቀመጠ ትንሽ ካዝናን ጎርፍም ሌባም እንዳለ ይወስደዋል። የጭቃ ግድግዳ ቡሎን አይጨብጥም፤ ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ እዚያው ይታሰር። ጭቃ ወይም ጥላሸት የነካውን ጠገራ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ ነው እንጂ መፈግፈግ ዋጋውን ይቀንሰዋል። የሐረር አሚሮች ያስመቱት ሳንቲም፣ መሐለቅ፣ ግን ሌላ ነው። የአሚሮቹ ዘመን በ1879 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ በአሚር ስም የተመታ የለም፤ ትንሽና ቀላል ስለሆነም አብሮ ይውጣ።

ካዝና ለወረቀት ይሆናል ብሎ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይጠይቅ፤ እሳት መከላከያ አለው ወይስ ብረት ብቻ ነው? ባዶ ብረት ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ወረቀቱ ነበልባል ሳይነካው ይከስላል። ለወረቀት ተብሎ የተሠራው፣ ለተጻፈበት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ውስጡ ከ177 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው የሚፈተነው። ካሴትን ግን ይህም አያድነውም፤ ለካሴትና ለመሳሰሉት የሚሠራው ካዝና ውስጡ ከዚያ በጣም ዝቅ ካለ ሙቀት እንዳያልፍ ይፈተናል፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ውድ ነው።

የቆርቆሮ ሳጥን በየቤቱ አለ፣ ርካሽም ነው። አይጥንና ምስጥን ይከላከላል። ከዚያ አያልፍም፤ ውሃው በመገጣጠሚያው ይገባል፣ እሳት ሲነካው እንደ ምድጃ ይግላል፣ ሲሞላ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ለአደጋ ተብሎ አይገዛ።

ጎሚኒ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን እሳት ውስጥ ምንም ዋጋ የለውም። የሚገዛው ግን ይዞት ለመውጣት ስለሆነ ያ ጉድለቱ አያሳስበኝም። ይቀላል፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ባጃጅ ውስጥ ጭን ላይ ይቀመጣል። ጎሚኒው ክዳኑን ዙሪያውን ሳይቋረጥ የከበበው፣ ማቆላለፊያውም በአራቱም ጎን የሆነውን ምረጡ። ቤት እንደገባ ሶፍት አስገብታችሁ ክዳኑን ግጠሙና፣ ድንጋይ ጭናችሁ ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አጥልቁት። ሶፍቱ ጥግ ላይ እንኳ ከራሰ መልሱት። ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶችም አትጣሏቸው፤ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ሳጥኑ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው ሙጫው ያልተነካ ቴምብር ነው። የፖስታ ቤት ማኅተም የተመታበት ቴምብር ውሃ ቢነካው ይደርቃል፤ ሰብሳቢዎችም ከፖስታው የሚያላቅቁት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ነው። ያልተመታበት ግን ሙጫው ለቆ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በ1887 ዓ.ም. ከወጡት ከመጀመሪያዎቹ ሰባት የምኒልክ ቴምብሮች ሙጫው ያለ ካላችሁ እነሱ ይቅደሙ። ድሮ ከድሬዳዋ የተላከ፣ የከተማው የፖስታ ቤት ማኅተም በግልጽ የሚነበብበት ሙሉ ፖስታም ከነፖስታው ይያዝ። አልበሙ የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ቀይሩት፤ በድሬ ሙቀት ጎርፍም እሳትም ሳይመጣ ቴምብሩን ያበላሸዋል።

ከካሴት፣ ሱቅ ሲሸጥ የነበረውን ተዉት። ቤት ውስጥ የተቀዳ የሠርግ ጨዋታ፣ የአያት ድምፅ፣ የሰፈር መንዙማ ግን ሌላ ቅጂ የለውም፤ ከቴምብሩ ጎን ይግባ። ስልክ ላይ ገልብጦ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ መላክ ደግሞ ምንም ዕቃ መግዛት አይጠይቅም።

ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፕላስቲኩን ግዙ። ጠገራው ከበዛ ካዝናውን አስከትሉ፣ የቡሎኑንና የሠራተኛውን ዋጋ አብራችሁ አስቡ። የፕላስቲኩ ሳጥን ቦታ በሩ አጠገብ ነው፤ ቁም ሳጥን ላይ አይሰቀል፣ ቁልፍም አይደረግበት።