የጃቫ-ወደ-ኮትሊን መቀየሪያ፦ ሰዋስው ላይ ጎበዝ፣ ናል ላይ ገማች

ጄትብሬይንስ የሠራው የጃቫ-ወደ-ኮትሊን መቀየሪያ (በአንዱ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ወደ ሌላው የሚለውጥ መሣሪያ) ኮድ ከሚጻፍባቸው ከኢንተሊጄ አይዲያም ከአንድሮይድ ስቱዲዮም ጋር አብሮ ይመጣል፤ ክፍያም የለውም። ጃቫ ፋይሉን ከፍቶ (ዊንዶውስና ሊኑክስ ላይ) ኮንትሮል፣ አልት፣ ሺፍትና ኬን አንድ ላይ መጫን ነው። የጃቫ ኮድ ኮፒ አድርጋችሁ ኮትሊን ፋይል ላይ ብትለጥፉም «ልቀይረው?» ብሎ ይጠይቃል።

ሰዋስው ላይ እምብዛም አይሳሳትም። ስዊች ዌን ይሆናል፣ ጌተርና ሴተር ወደ ፕሮፐርቲ ይጠቃለላሉ፣ ስታቲክ የነበረው ኮምፓኒየን ኦብጀክት ውስጥ ይገባል። በመሃል ሌሎች ፋይሎችንም ላስተካክል ወይ ሲላችሁ እሺ በሉት፤ አለዚያ ክላሱን የሚጠሩት ጃቫ ፋይሎች ኮምፓይል ማድረግ ሊያቅታቸው ይችላል።

ጣጣው ናል፣ ማለትም ምንም እሴት አለመኖሩ ነው። ጃቫ አንድ ቫሪያብል ናል መሆን ይችል እንደሆነ አይናገርም፤ ኮትሊን ግን ቁርጡን ይጠይቃል። መቀየሪያው @ናላብልና @ናንናል የሚሉ ምልክቶች ካገኘ ይከተላቸዋል፣ ካላገኘ ይገምታል። ሲጠራጠር ? (ናል ሊሆን ይችላል) ያደርግና በየቦታው !! (ናል አይደለም ብሎ ማስገደጃ) ይዘራል። ይሄ ዓይን ያስጠላል እንጂ ቢያንስ ይታያል። የሚያስፈራው ናል አይሆንም ብሎ ሲወስን ነው። የፐብሊክ ፈንክሽን ፓራሜትር ያለ ? ከተጻፈ፣ ከጃቫ በኩል ናል የተላከ ዕለት የፈንክሽኑ የመጀመሪያ መስመር እንኳ ሳይሠራ አፑ ይወድቃል። የአንድሮይድ ጽሑፍ መሙያ የሚጠራውን ኦንኤዲተርአክሽን ፈንክሽን ተመልከቱ፦ ተጠቃሚው ኪቦርዱ ላይ «ዳን» ሲነካ ኪኢቨንቱ (ስለ ተነካው ቁልፍ የሚናገረው ፓራሜትር) ናል ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ? የግድ ነው። የጄሰን ዳታን ወደ ኦብጀክት የሚለውጠው የጉግሉ ጂሰን (Gson) ላይብረሪ ደግሞ የኮትሊንን ሕግ አያውቅም። ከሰርቨር ናል የመጣን እሴት ያለ ? በታወጀ ፊልድ ውስጥ አስቀምጦ ዝም ይላል፤ ስህተቱ የሚፈነዳው ሌላ ፋይል ውስጥ ነው።

መፍትሔው ኮዱን ከመቀየር በፊት ምልክቶቹን ጃቫው ላይ መጻፍ ነው። ኢንተሊጄ ውስጥ «ኢንፈር ናሊቲ» የሚባለው ትንተና ብዙውን ይሞላል፤ የቀረውን በእጅ ትጨርሳላችሁ። ይህን ሥራ የዘለለ ሰው መቀየሪያውን ባይወቅስ ይሻላል።

ቢልዱንም (አፑ የሚገነባበትን ቅንብር) መቀየሪያው አይነካላችሁም። የሩም (የአንድሮይድ ዳታቤዝ ላይብረሪ) ዳታቤዝ ክላስ ወደ ኮትሊን ከተቀየረ በኋላ የቢልድ መሣሪያው የግሬድል ፋይል ላይ አኖቴሽንፕሮሰሰር የሚለው መስመር እንዳለ ከቀረ፣ ኮዱ ኮምፓይል ይሆንና አፑ ሲከፈት «አፕዳታቤዝ_ኢምፕል የለም» ብሎ ይሞታል። መስመሩን ወደ ኬኤስፒ (የኮትሊን ኮድን ወደሚያነበው አቻ መሣሪያ) ለውጡ። ሎምቦክ (ጌተርና ሴተርን ከጀርባ የሚፈጥር የጃቫ ላይብረሪ) ያለባቸውን ክላሶች መጀመሪያ ዲሎምቦክ አድርጉ፣ ጌተሮቹ ፋይሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፉ። ስፕሪንግ (የሰርቨር ፕሮግራም መሥሪያ) ላይ የምትሠሩ ደግሞ የኮትሊን ክላስ በነባሪ የማይወረስ መሆኑን አስታውሳችሁ የኮትሊን-ስፕሪንግ ፕለጊኑን ጨምሩ።

ከፖጆ (ዳታ ብቻ ከሚይዝ ተራ የጃቫ ክላስ) የኮትሊንን ዳታ ክላስ አትጠብቁ። ቫር የሞላበት ተራ ክላስ ነው የሚሰጣችሁ፤ ማሳመሩ የእናንተ ነው።

የኮድ ለውጥ ታሪክ መዝጋቢውን ጊትን በተመለከተ፦ ጊት የፋይል ስም መቀየርን የሚለየው በመመሳሰል ነው፣ ነባሪው ወሰን 50 በመቶ ነው። የተቀየረ ፋይል ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ስለሚወርድ የቆየው ታሪክ ይቆረጣል። በኮሚት መስኮቱ ላይ ለ.ጃቫ ወደ .ኬቲ ስም ለውጥ ብቻ የተለየ ኮሚት የሚፈጥር ምርጫ አለ፤ ምልክት አድርጉበት። ቅርንጫፉን ስታዋህዱ ግን ስኳሽ ካደረጋችሁ ሁለቱ ኮሚቶች ተጨፍልቀው አንድ ይሆናሉ፣ ታሪኩም አብሮ ይጠፋል።