ግሎክ 43ኤክስ ወይስ ሲግ ፒ365?

ሁለቱም ካዝናቸው 10 ጥይት የሚይዝ፣ 9 ሚሊ ሜትር ትንንሽ ሽጉጦች ናቸው። ሲግ ፒ365 አሜሪካ ገበያ የገባው በ2018፣ ግሎክ 43ኤክስ በ2019 ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ።

የሲጉ እጀታ አጭር ነው። ትንሿ ጣቴ አየር ላይ ትቀራለች። ግሎኩን ግን እጄ ሞልቶ ይይዘዋል። በልብስ ሥር ለመሸሸግ ከሆነ ያው አጭሩ ይሻላል።

ዋናው ልዩነት ማነጣጠሪያው ላይ ነው። የግሎኩ መደበኛ ማነጣጠሪያ ፕላስቲክ ነው፤ ከፊት ነጭ ነጥብ፣ ከኋላ እንደ ዩ ፊደል የተሰመረ ነጭ መስመር። ቀን ምንም አይልም። ሲመሽ ግን ነጩ ቀለም ራሱ መብራት ይፈልጋል። ሲጉ ከፋብሪካ ሲወጣ ትሪቲየም (ያለ ባትሪ በጨለማ እንዲያበራ የሚያደርግ ጋዝ) ያለበት የብረት ማነጣጠሪያ ተገጥሞለት ነው፤ የፊቱን ነጥብ አረንጓዴ ቀለበት ከቦታል። ሁለቱንም ባዶ አድርጌ (ደግሜም አይቼ) ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸውና መብራት አጠፋሁ። የሲጉ ሦስት ነጥቦች እንደ ድመት ዓይን አበሩ። ግሎኩ የት እንዳለ በዳበሳ ነው ያገኘሁት።

ትሪቲየምም ቢሆን ዘላለም አይበራም፤ በ12 ዓመት ገደማ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። የግሎኩንም ማስቀየር ይቻላል፣ ተጨማሪ ወጪ ነው እንጂ። እኔ ሲጉን ይዣለሁ፤ ጣቴ ትልመደው።